ስምንት ቁና ሰማያዊ

ሰሚ ከሆናችሁ እኔ ልቁጠር፣ እናንተ ያዙልኝ። ዱሮ፣ ፀሐይ ከፍጥረት ሁሉ ጋር በምትነጋገርበት ዘመን፣ ነገሩ ሁሉ ስለ ሠላሳ ቁና ብርሃን ነበር።

ብርሃኑ ዓይን የማያየው ነበር። ፀሐይ በሦስት አቁማዳ አሥር አሥር ቁና ሰፍራ፣ «ይህን የሚታይ አድርጎ የሚመልስልኝ ቀለም ተብሎ ይጠራል፤ ያልመለሰ ይህን ስም አያገኝም» አለች።

የዛፍ ቅርፊት በተዘፈዘፈበት የውኃ ብልቃጥ ውስጥ ከቅርፊቱ የወጡ ስድስት ደቃቅ ወንድማማቾች ክብ ሠርተው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይኖሩ ነበር። የአባታቸውን ስድስት ጥጆች አልተካፈሉም፤ ጥጆቹ በስድስቱም ደጅ እየዞሩ ይግጣሉ። እዚያው ውኃ ውስጥ የሚኖረው፣ እንደ ሰንሰለት የተቀጣጠለው ጎረቤታቸው ረዥሜ ታላቁን ወንድም አያልነህን ይነካካዋል።

«አያልነህ፣ ዛሬም አልተካፈላችሁም? እንደ ግንድ ደርቃችሁ ልትቀሩ ነው።»

«ደርቀንም ቆመናል» ይላል አያልነህ። ቀለም የሚለውን ስም አለማግኘቱ ግን ያንገበግበው ነበር።

የመጀመሪያውን አቁማዳ ረዥሜ ተቀበለ። ወገቡን ነቀነቀ፣ ትከሻውን ሰበቀ፣ ጅራቱን ወዘወዘ። አሥሩም ቁና ሙቀት ሆኖ ውኃው ውስጥ ቀረ።

«ጭፈራህ ጥሩ ነው። የመለስከው ግን ባዶ» አለች ፀሐይ።

ሁለተኛውን አያልነህ ተቀበለ። አንዷ ጥጃ ብርሃኑን ተሸክማ ከደጃቸው ካለ ጉብታ ላይ ዘለለች። ይሄኔ ነፋስ በተከፈተው የብልቃጥ አፍ ብቅ አለ።

«ቤቶች፣ እንደምን ዋላችሁ?»

«ደኅና፣ ግባ እንጂ» አለ አያልነህ፤ በእነሱ ቤት በእንግዳ ላይ በር መዝጋት ነውር ነው። ነፋስ ጥጃዋን አንዴ ዳበሳትና አሥሩንም ቁና ይዞ ወጣ። ጥጃዋ ባዶዋን ወረደች።

«ሃያ ሄደ» አለች ፀሐይ።

አያልነህ የብልቃጡን ክዳን ጠራው። «ወንድሜ፣ ግጠም።»

«እንግዳ ቢመጣስ? ሰው ምን ይልሃል?»

«ብርሃኑን እስክመልስ ይሙኝ። ከዚያ ራሴ እከፍታለሁ።»

ክዳን ገጠመ። ሦስተኛው አቁማዳ ሲፈታ ጥጃዋ ዘለለች። ወንድማማቾቹ ተንቀጠቀጡ፤ ሁለት ቁና ሙቀት ፈሰሰባቸው፤ እጅ ግን አልተላቀቁም። ጥጃዋ ስትወርድ ብልቃጡ ሰማያዊ በራ።

ፀሐይ ሰፈረችው። «ስምንት።»

«አሥር ሰጥተውኝ ነበር፣ እመቤቴ» አለ አያልነህ ቀና ብሎ። «ሁለቱ የድካማችን ነው።»

«ከማይታይ አሥር የሚታይ ስምንት ይሻለኛል። ከዛሬ ጀምሮ ስማችሁ ቀለም ነው።»

ረዥሜ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ... ጥጆቹን ባትካፈሉም ይሁን።»

ሒሳቡ ይኸው። የተሰጠው ሠላሳ። በጭፈራ አሥር፣ በይሉኝታ አሥር፣ በመንቀጥቀጥ ሁለት ጠፋ፤ ኪሳራው ሃያ ሁለት። የተገኘው ስምንት ቁና ሰማያዊ። የተቀበለውን እስኪመልስ እጁን ያላላላና ደጁን የጠበቀ ቤት ደግሞ ስም ያገኛል፤ ስሙ በቁና አልሰፈር ስላለኝ፣ ትርፍ ብዬ ዘጋሁት።