ማስተዋልና ጅራታቸው የተዋጠ ስሞች

ጆሮ ያለው ያዳምጥ፣ የሌለው ከጎረቤቱ ይዋስ፤ ነገሩ እንዲህ ነው።

ማስተዋል የምትባል የአምስት ዓመት ልጅ አንዲት ትንሽ ነገር ፈለገች፤ የትምህርት ቤቱን ደወል መደወል። ደወሉ ከዛፍ ላይ የተንጠለጠለ አሮጌ የመኪና ቸርኬ ነው። ዓርብ ዓርብ የመውጫውን ደወል የሚመታው ተራ የደረሰው ልጅ ነው። የማስተዋል ተራ የደረሰው ደግሞ በዓመቱ የመጨረሻ ዓርብ ነው። ከሰኞ ጀምሮ "ዓርብ ነው ወይ?" እያለች እናቷን ቁም ስቅሏን አሳየቻት።

ታዲያ ማስተዋል አንድ አመል ነበራት። ስም ስትጠራ ስለምትቸኩል መጨረሻውን ትውጠዋለች። ቤትን "ቤ"፣ ወንበርን "ወንበ" ነው የምትለው። ቲቸር አስካለ "የኔ ቆንጆ፣ ቃልም እንደ በግ ጅራት አለው። ጅራቱን የት ጣልሽው?" ትላታለች። ማስተዋል ግን ጅራት የምትፈልግበት ጊዜ የላትም።

ዓርብ ደረሰ። ቲቸር አስካለ የመምቻውን ብረት ሰጠቻትና "በይ ሂጂ። እኔ እስክመጣ ካልደወልሽ ተራው የእንዳልክ ነው" አለቻት። እንዳልክም ወዲያው እጅጌውን ሰበሰበ።

ማስተዋል እየበረረች ሄደች። የዘበኛው ፍየል ከቸርኬው ሥር ተጋድማ ታመሰኳለች።

"ፍየ፣ ፍየ! ተነሽልኝ፣ ልደውል!"

"ጅራቴን ቆርጠሽ ጠርተሽኝ? አልነሳም" አለች ፍየሏ።

ማስተዋል መሬት ላይ ወደተጣለው የፍየሏ ማሰሪያ ገመድ ሮጠች።

"ገመ፣ ገመ! ፍየሏን ጎትትልኝ። ፍየሏ አልነሳም አለች፣ እኔም መደወል አቃተኝ።"

"በግማሽ ስም ሙሉ ሥራ? አልጎትትም" አለ ገመዱ፤ ተጠቅልሎም ተኛ።

ማስተዋል ከእንጨቱ ክምር ሥር ወዳለችው አይጥ ሮጠች።

"አይ፣ አይ! ገመዱን ቆርጥሚልኝ። ገመዱ ፍየሏን አልጎትትም አለ፣ ፍየሏ አልነሳም አለች፣ እኔም መደወል አቃተኝ።"

"ጅራቴ ከቁመቴ ይበልጣል። እሱን ትተሽ ማንን ነው የጠራሽው? አልቆረጥምም" አለች አይጧ።

ማስተዋል በመስኮት ላይ ፀሐይ ወደምትሞቀው ድመት ሮጠች። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

"ድመ፣ ድመ! አይጧን አባርሪልኝ። አይጧ ገመዱን አልቆረጥምም አለች፣ ገመዱ ፍየሏን አልጎትትም አለ፣ ፍየሏ አልነሳም አለች፣ እኔም መደወል አቃተኝ። ቲቸር ደግሞ መጣች!"

ድመቷ አንድ ዓይኗን ብቻ ከፈተች።

"እሺ፣ ማስተዋ።"

"ምን አልሽኝ?"

"ማስተዋ።"

ማስተዋል በጣም ከፋት። እንባዋ ግጥም አለ። "ማስተዋ አይደለሁም! ማስተዋል ነኝ! የኔ 'ል' የታለች? መልሺልኝ!"

"እንዴ፣ ለካ ይሰማሻል" አለች ድመቷ።

ማስተዋል ምላሷን ወደ ላንቃዋ አስጠግታ ቀስ ብላ ሞከረቻት፤ "ል።" እውነትም ከስሟ መጨረሻ ላይ ቁጭ ብላለች። ያን ጊዜ አፈረች።

"ይቅርታ፣ ድመት" አለች።

ድመቷ "ት"ን በሰማች ጊዜ ከመስኮት ዘለለች። ድመቷ አይጧን ልታባርር ሄደች። ማስተዋል "አይጥ!" ብትላት አይጧ ገመዱን ልትቆረጥም ሄደች። "ገመድ!" ብትለው ገመዱ ፍየሏን ሊጎትት ሄደ። ሁሉም ተሰልፈው ፍየሏ ዘንድ ደረሱ።

ማስተዋል ቀደመቻቸው። "ፍየ..." ብላ ቆመች። ምላሷ በራሱ ወደ ላንቃዋ ወጣ። "ፍየልልል! የኔና ያንቺ መጨረሻ አንድ ነው እኮ!"

ፍየሏ ማንም ሳይነካት ብድግ አለች። "ዘመዴ ነሻ!" ብላም መንገድ ለቀቀች።

ቲቸር አስካለ በአንድ በኩል፣ እንዳልክ በሌላ በኩል ሲደርሱ ማስተዋል በእግሯ ጣቶች ቆማ ብረቱን ሰነዘረች።

"ዳንንንንን!"

"የደወሉስ ጅራት?" አለች ቲቸር አስካለ።

"ን!" አሉ ልጆቹ ሁሉ። እንዳልክ ሳይቀር፣ ቅር እያለውም ቢሆን፣ "ን" አለ።

እናቷ በር ላይ ትጠብቃለች። "ማስቲ፣ ነይ እንሂድ!" አለቻት።

ማስተዋል አልሄድም አለች። ድመቷ በመስኮቷ፣ አይጧ በእንጨቷ ሥር፣ ገመዱ በመሬት፣ ፍየሏ በሣሩ መካከል ሆነው እናቲቱን አዩ።

"ምን ሆነሽ ነው? ማስቲዬ? ማስቱካ?" እናት ግራ ገባት። "ማስተዋል!"

"አቤት!" አለች ማስተዋል፣ "ት"ን ሳትውጥ፣ እየሮጠች።

ተረቴም እዚሁ ጋ ጅራቷን ሰብስባ ተኛች።