ማን መጣ የሚባለው ጉብታ

ከሐይቁ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ታንኳ ማድረቂያ ከሚባለው መንደር ጀርባ፣ ሰዎቹ ማን መጣ የሚሉት ጉብታ አለ። ተራራ ብሎ የሚጠራው የለም፤ መንገዱ አጭር ነው፣ ዳገቱም ጉልበቱ ለደከመ ሰው እንኳ አይከፋም፤ ከሥሩ የተነሣ ሰው ላቡ ግንባሩ ላይ ሳይወርድ ጫፉ ላይ ይደርሳል። በዚያች ትንሽ ድካም የሚገኘው ግን ብዙ ነው። ከታች ሆኖ ከውሃው ዳር ከበቀለው ደንገል በቀር ምንም ያላየ ዓይን፣ እላይ ሲደርስ ሐይቁን ከነደሴቶቹ በአንድ ጊዜ ይቀበላል። እንግዳን የሚያስገርመው ግን ሌላ ነገር ነው። ጫፍ ላይ ወጥቶ ባየው ተደስቶ የጮኸ እንደሆነ፣ ከታች ታንኳ የሚሠሩትና ልብስ የሚያጥቡት ሰዎች ቀና ብለው «ማን መጣ?» ይሉታል፤ ስም ጠርቶ እስኪመልስላቸውም ወደ ሥራቸው አይመለሱም።

ነገሩ የተጀመረው፣ ሽማግሌዎች እንደሚሉት፣ ቢሻው በሚባል ታንኳ ሠሪ ዘመን ነው። ቢሻው ያለ አባት አድጎ፣ በሰው ታንኳ ሲቀዝፍ ኖሮ፣ በኋላ የራሱን መሥራት የጀመረና በመንደሩ እጁን የሚስተካከለው የጠፋ ሰው ነበር ይባላል። ያገኘውን ሁሉ በላቡ ያገኘ ስለሆነ ሁሉን ይቆጥር ነበር፤ የታጨደውን ደንገል በእስር በእስር፣ የዶሮውን ጫጩት፣ ቤት ውስጥ የተሰበረውን ገል ሳይቀር። ሰው ያማዋል እንጂ አይንቀውም። ጎረቤቱ ዳምጤ «አያ ቢሻው ጸሎት ሲያደርስ እንኳ አሜኑን ይቆጥራል» ይል ነበር አሉ።

ከደንገል የሚሠራ ታንኳ ውሃ ይጠጣል። ከተቀዘፈበት በኋላ ተገትሮ ፀሐይ ካልመታው፣ ከዳር ሲነሣ ቀላል ይመስልና መሐል ሐይቅ ላይ ይከብዳል። ይህን ከቢሻው አብልጦ የሚያውቅ አልነበረም። ሆኖም በመጋቢት ወር አንድ ማለዳ፣ ማግሥቱ ገበያ ስለነበረ፣ በወጉ ባልደረቀ ታንኳ አንድያ ልጁን ፈንቴን መሐል ካለችው ደሴት ማዶ የወፍጮ ድንጋይ እንዲያመጣ ላከው። ፈንቴ የታንኳውን ሆድ በመዳፉ ጫን አድርጎ፣ «አባባ፣ ይኼ እኮ ገና ርጥብ ነው» ቢለው፣ «ፀሐዩ እየሄድክ ያደርቅልሃል፤ ብቻ ድንጋዩን አደራ» አለው። ፈንቴም እንደ ማንኛውም ተመልሶ እንደሚመጣ ሰው «መጣሁ» ብሎ ሄደ።

ፀሐይ ከአናት ስታልፍ የቢሻው ልብ አላርፍ አለ። በዚያ ወራት ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሣል፤ ከታች ለቆመ ሰው ደንገሉ ስለሚጋርደው አይታይም፤ ከጉብታው ላይ ሆኖ ለሚያይ ግን ሐይቁ ከሩቅ ይጠቁርና ጥቁረቱ እየሰፋ ወደ ዳር ሲገሠግሥ ይታያል። ስለዚህ ምራቱን ውባለምን፣ «ነይ እስቲ ልጄ፣ ወጣ ብለሽ እዪልኝ» ብሎ ላካት። እሱ ራሱ በደንብ የደረቀች ታንኳ ወደ ውሃው አፍ አስጎትቶ፣ ልጁን መንገድ ላይ ተቀብሎ ሸክሙን ሊካፈለው መቅዘፊያውን ጨብጦ ቆመ።

ውባለም ከተዳረች ገና ዓመት አልሞላትም። በዚያን ጊዜ ሙሽራ ባሏን በስሙ አትጠራም፤ ነውር ነው። «በላ»፣ «ሄደ»፣ «ተኛ» ትላለች፤ ሰሚው ማን እንደሆነ ያውቃል። እናም ብዙ ሳይቆይ ድምፅዋ ከላይ ተሰማ።

«መጣ! መጣ!»

ከታች የነበሩት ሴቶች እልል አሉ። ዳምጤ መቅዘፊያውን ከቢሻው እጅ ተቀብሎ፣ «እንግዲህ ደረቋን ታንኳ በከንቱ አታርጥባት፤ ኋላ ማድረቂያውን ፀሐይ ልትቆጥር ነው» ብሎ ሳቀ። ታንኳዋም ተመልሳ ወደ ዳር ተጎተተች። ሁሉን ሲቆጥር የኖረው ቢሻው፣ እንደሚነገረው፣ ያን ቀን አንዲቱን ቃል ሳይቆጥር ተቀበላት፤ መጣ የተባለው ማን እንደሆነ አልጠየቀም። ለሱ መምጣት ያለበት አንድ ሰው ብቻ ነበርና።

ውሃው ዳር ተቀምጦ ደንገሉ መሐል ያለችውን መተላለፊያ ያይ ጀመር። ታንኳ ብቅ አላለም። ዳምጤ ከኋላው ስለ ገበያው ያወራል። ከሐይቁ የተነሡ ወፎች እየተንጫጩ በላያቸው አልፈው ወደ ማሳው ገቡ። የደንገሉ ራስ መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ቀጥሎ ባንድነት ወደ መንደሩ አጎነበሰ።

«መጣ! ኧረ መጣ!» አለች ውባለም እንደገና፤ አሁን ግን ድምፅዋ የደስታ እንዳልሆነ ከታች ያሉትም ሰሙ።

ቢሻው ከተቀመጠበት ተነሥቶ ወደ ጉብታው ሥር ሮጠና አንጋጦ ጮኸ።

«ማን? ማን መጣ?»

«ነፋሱ!»

«እሱስ? ልጁስ?»

ውባለም ነውሩን ረሳችው።

«ፈንቴማ ገና ደሴቷ ጥግ ነው! ፈንቴ! ታንኳው አይታየኝም አባባ፣ ውሃው ላይ የቆመ ይመስላል!»

እልል ያሉት ሴቶች እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ቢሻው ግን ይህን ሲሰማ ቆሞ አልጠበቀም፤ ታንኳዋን ብቻውን ጎትቶ ከውሃው አገባት ይባላል። ከደንገሉ እንደወጣ ሞገዱ ከፊቱ እንደ ግድግዳ እየተነሣ ጋረደው፤ ልጁ የት እንዳለ ማየት አልቻለም። የሚያየው ወደ ኋላ ዞሮ የውባለምን ነጠላ ብቻ ነበር። ነጠላውን ወደ ግራ ስታወናጭፍ ወደ ግራ ይቀዝፋል፣ ወደ ቀኝ ስታወናጭፍ ወደ ቀኝ፤ እላይ ከፍ አድርጋ ስትይዘው ፊት ለፊት ይሄዳል። ክንዱ ሲዝል ነጠላው መሬት ወድቆ እንዳያገኘው እየፈራ ይዞራል፤ ነጠላው ግን አልወደቀም።

ሲደርስበት ፈንቴ ውሃው ቅልጥሙን አልፎ፣ ታንኳው ከሥሩ ሰጥሞ፣ አሁንም ይቀዝፋል። ድንጋዩ ከፊቱ እንደታሰረ ነው።

«ድንጋዩን ጣለው!» አለ ቢሻው።

«ኋላ ይቆጥሩብኛል!»

ይህች ቃል ቢሻውን ከሞገዱ ይልቅ እንደመታችው ሽማግሌዎች ይናገራሉ።

«አልቆጥርም!» አለ። «በእናትህ ጣለው፣ አልቆጥርብህም!»

ፈንቴ አላመነውም፤ መቅዘፊያውን እንደያዘ አባቱን ያየዋል። አባትየው ይህን ሲያይ ታንኳዋን አስጠግቶ፣ ባንድ እጁ የልጁን ሸማ ጨምድዶ፣ በሌላው ገመዱን በጥሶ፣ ድንጋዩን በእግሩ ገፍቶ ጣለው። ሸክሙ የወረደለት ታንኳ ብድግ አለና ተገለበጠ። ቢሻው የጨበጠውን ሸማ አልለቀቀም፤ ልጁን ወደ ደረቋ ታንኳ ጎተተው። ነፋሱ ወደ ዳር ስለሚነፍስ መመለሻው ከመሄጃው ቀለለ፤ ቢሻው ግን ደንገሉ ውስጥ እስኪገቡ ድረስ ያቺን ሸማ በጥርሱ ነክሶ ይቀዝፍ ነበር ይባላል።

ውባለም ከጉብታው ወርዳ ውሃው ውስጥ እስከ ጉልበቷ ገብታ ጠበቀቻቸው። ፈንቴ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ «መጣሁ» አለ።

«ማን?» አለ ቢሻው።

ዳምጤ ቀልድ መስሎት ሊስቅ ነበር፤ የቢሻውን ፊት ሲያይ ተወው። ቢሻው ወደ ልጁ አላየም፤ ወደ ምራቱ ነበር የሚያየው። መንደሩ ሁሉ ቆሞ ሳለ፣ ውባለም ነጠላዋን በፊቷ ላይ ሳትስብ «ፈንቴ» አለች።

ከዚያ በኋላ ቢሻው ደንገሉን መቁጠሩን አልተወም አሉ፤ ያን ድንጋይ ግን በአፉ አንሥቶት አያውቅም። ድንጋዩ ዛሬም አለ ይባላል። ነፋስ በሌለበት ማለዳ ከጉብታው ጫፍ ሆኖ የሚያይ ሰው፣ ደሴቷ አጠገብ ጠቆር ያለች ቦታ ያያል፤ የታንኳ ማድረቂያ ሰዎች የፈንቴ ወፍጮ ናት ይላሉ፣ የማዶ ሰዎች ደግሞ የውሃ ሣር ነው ብለው ይስቁባቸዋል።

በዚያ መንደር የተዳረች ሙሽራም ባሏ መጀመሪያ ወደ ሐይቁ በሚወጣበት ቀን ጉብታው ላይ ትወጣለች። መንገዱ አጭር ስለሆነ ታንኳው ከዳር ሳይነሣ ትደርሳለች። ከታች «ማን መጣ?» ይሏታል። አፍራ «መጣ» ብቻ ያለች እንደሆነ፣ ደግመው ይጠይቋታል፤ የባሏን ስም ጮክ ብላ እስክትጠራ ድረስ መቅዘፊያውን የሚሰጠው ሰው የለም።