ፍልፈሊትና የድንቹ ዕዳ

ተረት ተረት ካላችሁኝ፣ የበረቱን መዝጊያ ከፍታችሁ ስሙኝ።

በአንድ ክፉ ዘመን፣ ዓይን አፋሯ ፍልፈል ልጆቿ ቢራቡባት ከጎረቤቷ ከጃርት አንድ ቅርጫት ድንች ተበደረች። የመመለሻው ቀን ሲያልፍባት ግን ኀፍረት ያዛትና ደጅ መውጣት ተወች።

አንድ ጠዋት ቀበሮ ዕዳ ሰብሳቢ ሆኖ ከጉድጓዷ አፍ ላይ ቆመ። «እስከ ቅዳሜ ካልከፈልሽ ከአንበሳ ችሎት አቆምሻለሁ! ‹ከስራለች› ተብሎ አዋጅ ይነገርብሻል፤ ከዚያ ወዲያ አንዲት ሥር እንኳ የሚያበድርሽ የለም» አላት።

«አያ ቀበሮ፣ ግማሹን ዛሬ ልስጥዎ፤ ቀሪውን አዲሱ ድንች ሲደርስ እከፍላለሁ» ብላ ለመነችው።

«ግማሽ ብሎ ነገር የለም!»

አይ ፍልፈሊት! በአደባባይ ከምዋረድ ብላ ቤቷን በዕዳው ለቀበሮ አስረከበችና ልጆቿን ይዛ በዝናብ ወጣች።

ከወራት በኋላ ጃርት ከአንድ ቋጥኝ ሥር አገኘቻት። «ምነው እህቴ፣ ሳትሰናበችኝ ጠፋሽ? እኔ እኮ ቀበሮን ‹ካላት ግማሹን አምጣልኝ፣ ከሌላት ተዋት› ብዬ ነበር የላክሁት» አለቻት።

 ፍልፈሊት በእሷና በጃርት ቤት መካከል የነበረው አንድ ክንድ የማይሞላ አፈር ትዝ አላት፤ ጃርት ስታስል እንኳ ይሰማት ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ አፈር ስትቆፍር ኖራ፣ ያቺን ግድግዳ ግን አንድ ቀን እንኳ በጥፍሯ ነካ አላደረገቻትም።