የቀመሰና የበላ

አንድ ነጋዴ በተራራ ሥር ወዳለች ከተማ አረንጓዴ ዱቄት ይዞ መጣ። ስሙ አድማሱ ይባላል። ዱቄቱን «ብርታት» ብሎ ሰይሞታል። ሽምብራ አለው፣ ባቄላ አለው፣ አተር አለው፣ ምስር አለው፣ የሽፈራው ቅጠል አለው፣ ሌላም ሌላም ቅጠል አለው ይላል። ሲቆጥር ጣቶቹ ያልቁበትና እንደገና ከአውራ ጣቱ ይጀምራል። «አንድ ኩባያ በውኃ በጥብጦ የጠጣ ሰው እስከ ማታ ሥጋ አያምረውም» ይላል። አፈ ቅቤ ሰው ነበር።

የዚያች ከተማ ሰው በቀላሉ አይታለልም። ቢያንስ ሰዉ ራሱ እንዲያ ብሎ ያምን ነበር። አንድ የቆየ ልማድ አላቸው፤ ለሰው የሚጠጣ ነገር የሚሰጥ ሁሉ አስቀድሞ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ራሱ ይቀምሳል። ሰጪው ያልቀመሰውን ማንም አይነካም። አድማሱ ይህን ልማድ አሳምሮ ያውቃል። ገዢ በመጣ ቁጥር ዱቄቱን ይበጠብጣል፣ በመዳፉ ጠብ ያደርጋል፣ ይጠጣል፣ ከንፈሩንም ይልሳል። ከዚያ በኋላ ማን ምን ይላል? ሰዉ ተሰልፎ ገዛ።

ሌላው ገዢ ከምግቡ ጋር አልፎ አልፎ ሲጠጣው፣ ዱቄቱን አጥብቆ የያዘው ዘገየ ነበር። ስሙን ሰምታችሁ እንዳትስቁ፤ ዘገየ የከተማዋ መልእክተኛ ነው፤ በአገሩ እንደ እሱ የሚሮጥ ሰው የለም። ከከተማዋ ወደ ደጋው የሚወስደው መንገድ ገደል ለገደል ስለሆነ በቅሎ አያስወጣም። ሰው ሲሞት፣ ሴት በምጥ ስትያዝ፣ መድኃኒት በአስቸኳይ ሲፈለግ የሚሮጠው ዘገየ ነው። ሌላው በአምስት ቀን የሚጨርሰውን መንገድ እሱ በሁለት ቀን ይጨርሰዋል። ቤቱም ሚስቱም ልጆቹም የሚኖሩት በእግሩ ነው።

ዘገየ ዱቄቱን ጠዋትም ማታም ይጠጣ ጀመር። ሌላ ምግብ ለሯጭ ሆድ ያከብዳል ተብሎ ስለተነገረው ሌላውን ተወ። በመጀመሪያው ወር እውነትም ጉልበት የጨመረ መሰለው። በሁለተኛው ወር ባቱን ይቆረጥመው ጀመር። ጠዋት ከመኝታው ሲነሳ እግሩ አልታጠፍ ይለዋል። ነገሩ ሲብስበት ወደ አድማሱ ሄደ።

«ወንድሜ፣ እግሬን አንድ ነገር ይዞኛል» አለው።

«እሰይ!» አለ አድማሱ። «ይኼማ የቆየ ቆሻሻ ከሰውነትህ እየወጣ ነው። ሊወጣ ሲል ነው የሚታገልህ። አንድ ኩባያ ጨምርበት።»

ይህን ያለው ለተንኮል አይደለም። እሱም ዱቄቱን ከሸጠለት ሰው የሰማውን ነው የደገመው። ዘገየም አምኖ ጨመረበት።

በከተማዋ ወፍጮ ቤት በር ላይ እትዬ ምንታምር የምትባል ሴት ትቀመጣለች። ሥራዋ እህል መልቀም ነው። እህሉ ሳይፈጭ በሰፌድ ዘርግታ ጠጠሩን፣ እንክርዳዱን፣ የማይፈለገውን ዘር ሁሉ ታወጣለች። በሦስተኛው ወር አንድ ቀን ዘገየ በፊቷ አለፈ። ተረከዙ መሬት አይነካም። በእግሩ ጣቶች ቆሞ፣ ጉልበቱ ከጉልበቱ እየተጋጨ ነው የሚራመደው። ምንታምር መልቀሟን ትታ ጠራችው።

«አንተ ልጅ፣ ና እስቲ ወዲህ። ማነው ጓያ የሚያበላህ?»

«ኧረ እትዬ፣ ጓያ ቤቴም አልገባም! እኔ ብርታት ነው የምጠጣው።»

«ይህን አረማመድማ አውቀዋለሁ» አለች። «ዝናብ በጠፋ ዓመት፣ ሌላ እህል አጥተው ወር ሙሉ፣ ሁለት ወር ሙሉ ጓያ ብቻ የበሉ ሰዎች እንዲህ ሆነው ነው የቀሩት። አንዱ አባቴ ነው።»

ዕለቱን እጁን ይዛ ዳኛው ፊት አቀረበችው። አድማሱም ተጠራ። ወሬ የሰማው ሰው ሁሉ ተከትሎ ግቢውን ሞላው።

አድማሱ አልፈራም። «ጌታዬ፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ስንቴ ቀምሻለሁ! ታዲያ እኔን ምን ነካኝ? ይኸው እግሬ!» ብሎ ሁለት ጊዜ ዘለለ። ሰዉም «እውነቱን ነው፤ ሲቀምስ በዓይናችን አይተናል» አለ።

ምንታምር ወደ እሱ ዞረች። «መቅመስህን ማን ካደ? እኔ የምልህ በልተኸዋል ወይ ነው። ዛሬ ጠዋት ምን በላህ?»

«እ… ጥብስ።»

«ትናንት ማታስ?»

«ዶሮ ነበር።»

ሰዉ ሳቀ። ዘገየ ብቻ አልሳቀም።

«የቀመሰና የበላ አንድ አይደለም» አለች ምንታምር። «ወዲያው የሚገድል መርዝ ቢሆን በመዳፍህ ያለችው ጠብታ ታስታውቅህ ነበር። ይኼ ግን ዛሬ አይነካህም፣ ነገም አይነካህም። ቀን ቆጥሮ ነው የሚይዝህ። የእኛ ልማድ የሚያውቀው ችኩሉን መርዝ ነው፤ ትዕግሥተኛውን አያውቀውም።»

ዳኛው አድማሱን ጠየቁት። «ይህ ዱቄት ሲፈጭ ነበርክ?»

«አልነበርኩም ጌታዬ። ተፈጭቶ፣ ጆንያው ተሰፍቶ ነው የደረሰኝ።»

«የሸጠልህ ሰውስ ነበረ?»

«እሱም ከሌላ ሰው ነው ያመጣው።»

«ታዲያ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ምስር እያልክ በጣትህ የምትቆጥረው ምኑን አይተህ ነው?»

አድማሱ ጣቶቹን አጠፈ። «የተባልኩትን ነው» አለ ቀስ ብሎ።

ዳኛው አንድ ያልተፈታ ጆንያ መጥቶ ዱቄቱ በወንፊት እንዲነፋ አዘዙ። ምንታምር ነፋችው። ልሙ ዱቄት ወረደ፤ ወፍጮው በደንብ ያላደቀቀው ስብርባሪ ወንፊቱ ላይ ቀረ። ስብርባሪውን ሰፌድ ላይ ዘርግታ በጣቷ ለየችው። ሽምብራ አለ፣ ጥቂት። አተር አለ፣ ከዚያም ያነሰ። የቀረው ሁሉ ማዕዘን ማዕዘን ያለው፣ ትንሽ መጥረቢያ የሚመስል የጓያ ስባሪ ነበር። ጓያ ርካሽ ስለሆነ ከሻጮቹ አንዱ ጨምሮበታል። የትኛው ሻጭ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

አድማሱ ሰፌዱን አይቶ ፊቱ አመድ መሰለ። ሰዉ ቅጣት ፈርቶ መሰለው። እሱ ግን ሌላ ነገር ነበር የታየው።

«እናቴ!» ብሎ ጮኸ። «ለእናቴ ሙሉ ጆንያ ልኬላታለሁ! አቅም ይሆንሻል፣ ጠዋት ማታ ጠጪ፣ ሌላ ምግብ አትመኚ ብያታለሁ!»

እናቱ ደጋው ላይ ነው የምትኖረው፤ ከገደሉ ማዶ። አድማሱ በድንጋጤ ዞር አለና ዘገየን ትከሻውን ያዘው። «ዘገየ፣ ወንድሜ፣ በፈጠረህ ሩጥልኝ! አንተ በሁለት ቀን ትደርሳለህ!»

ዘገየ ለመነሳት ሞከረ። ዕድሜውን ሙሉ ሩጥ ሲባል የተነሳ ሰው ነውና ሰውነቱ በልማድ ታዘዘ። ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ፣ ጉልበቱ ተንቀጠቀጠ፣ ተመልሶም ተቀመጠ።

«ብችል ኖሮ ይኼኔ ገደሉ ጋ ነበርኩ» አለ።

አድማሱ እግሩ ላይ ወድቆ አለቀሰ። እኔ ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ አውርቼዋለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ ግን ሁልጊዜ አንጀቴ ይቃጠላል። በማን ላይ እንደምናደድ ሳይቀር ይጠፋኛል።

ነጋዴው ራሱ ጫማውን አጥብቆ ወጣ። ደጋው የደረሰው በአምስተኛው ቀን ነው። እናቱ ዱቄቱን ከጀመረች አንድ ወር ሊሞላት ነበር፤ ባቷን መቆርጠም ጀምሯታል። በጊዜ ስላቆመች ዳነች። የዘገየ እግር ግን አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ በከተማዋ ዱቄት የሚሸጥ ሰው ቢቀምስም ባይቀምስም ማንም አይመለከተውም፤ ጥሬውን እዚያው አሳይቶ፣ እዚያው አስለቅሞ፣ እዚያው ካላስፈጨ አይገዙትም።

እንግዲህ ነገሩን በግልጽ ልናገረው። አድማሱ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሚሸጠውን ለገዛ እናቱ የሚልክ ሰው ክፉ አይባልም። ጥፋቱ ያላየውን ነገር እንዳየ ሰው ሆኖ መናገሩ ነው። የዘገየ ጥፋት ደግሞ ገና እግሩ ሲነግረው እግሩን ትቶ ሻጩን ማመኑ ነው። እህል ጥሬ ሳለ ማንነቱ ይታያል፤ ከተፈጨ በኋላ መልካሙም ክፉውም ዱቄት ነው። ዛሬም ጡንቻ ያወጣል፣ ደም ያጠራል፣ ከሰውነት ቆሻሻ ያስወጣል እየተባለ ስንት ዓይነት ዱቄት በሚያምር ቆርቆሮ ታሽጎ ይሸጣል። ጥሩው ጥሩ ነው፤ አልክድም። ነገር ግን ውስጡ ምን እንዳለ የመረመረው ሰው ማን እንደሆነ ሳትጠይቁ በየቀኑ አትጠጡ። «አመመኝ» ስትሉት «ጨምርበት» የሚላችሁን ሰው ደግሞ ወዳጅም ቢሆን አትስሙት።

ለእናንተ አንድ ጥያቄ ልተው። ዛሬ ጠዋት በጥብጣችሁ የጠጣችሁትን ዱቄት ጥሬውን ያየው ማን ነው?