እናት የለጠፉት ካላንደር

አንዲት እናት ነበሩ። አንድ ልጃቸው ጸዳል ዩኒቨርሲቲ ገብታ የምዕራባውያንን የባህል ታሪክ ትማራለች። ለእረፍት ስትመጣ ልብሷን ሊያጥቡላት ሻንጣዋን ከፈቱ፤ ትልቅ መጽሐፍ አገኙ። ገለጥ ቢያደርጉት ራቁቱን የቆመ ሐውልት! «በኢየሱስ ስም! ልጄን በሉብኝ!» አሉ።

ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ዱቄት በጥብጠው፣ የቤተ ክርስቲያናቸውን አሮጌ ካላንደር ቆራርጠው፣ ገላው በታየ ሰው ሁሉ ላይ ለጠፉበት! እናንተ ትስቃላችሁ፤ እሳቸው ግን እያለቀሱ ነበር የሚለጥፉት። ከእንግዲህ ጸዳል ወደዚያ ትምህርት አትመለስም ብለው ቆርጠዋል።

ጸዳል መጽሐፉን ስታይ አልተቆጣችም። ጨርቅ አርጥባ እናቷ አጠገብ ቁጭ አለችና አንዱን ወረቀት ቀስ አድርጋ ላጠችው። ከሥሩ የተንበረከከ ወጣት ያቀፉ አንድ ሽማግሌ አባት ብቅ አሉ።

«እማዬ፣ ይሄ ማን ይመስልሻል?»

«እኔ ምን አውቄ!»

«ጠፍቶ የተገኘው ልጅ ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት ያስተማርሽኝ አንቺ አይደለሽ?»

«ውይ በሞትኩት! ጀርባው ተራቁቶ ሳይ መች ሌላውን አየሁ!»

ሁለተኛውን ስትልጠው ባሪያ የጫነ መርከብ ወጣ። ነጋዴዎቹ ጸልየው ነበር የሚነሱት አለቻቸው።

«መልሼ ልለጥፈው?»

«አይ ልጄ፤ ይሄ ይታይ። በጌታ ስም የተሠራ ግፍ ይታይ።»

ይሄኔ ጸዳል ጨርቁን አስቀመጠች። «እማዬ፣ እኔም እኮ እፈራለሁ። ክፍል ውስጥ እግዚአብሔር እንደሌለ ሆኖ ነው የሚወራው። ብቻዬን ሳነበው ይከብደኛል።»

እናት መነጽራቸውን አደረጉና «በይ ቀጣዩን ግለጪ፤ አብረን እንየው» አሉ። ጸዳል ወደ ትምህርቷ ተመለሰች። ቅዳሜ ቅዳሜ እናቷ ይደውላሉ፦ «ዛሬስ የት ደረስን?»

ወገኖቼ፣ እኛስ ስንት ገጽ ለጥፈናል? በዚያ ታሪክ ውስጥ ጌታን ከልባቸው የወደዱ አሉ፤ በስሙ የነገዱም አሉ። ከሸፈንነው ልጆቻችን በምን ይለዩት? ወይስ ጌታ ገጹ ሲገለጥ የሚሸሽ መሰላችሁ?

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ «ልጄ፣ ምን እያነበብሽ ነው?» በሏት። ስትነግራችሁ ስብከት አትጀምሩ፤ እሱን ለእኔ ተዉት። መነጽራችሁን አድርጋችሁ አጠገቧ ቁጭ በሉ። ብቻዋን እንድትፈራ አትተዉአት።