ጉሬዛና የተዋሰው ካባ

ተረት ተረት! ዛሬ «የላም በረት» እንዳትሉኝ። የዛሬው ተረት ከበረት አይወጣም፣ ከዝግባ ጫፍ ነው የሚወርደው፤ ስለዚህ «የዛፍ ላይ ቤት» ብላችሁ ተቀበሉኝ። አላችሁ? እንግዲያውስ ስሙ። የተመረቃችሁም ስሙ፣ ልትመረቁ የተዘጋጃችሁም ስሙ፣ ልጅ ያስመረቃችሁ ደግሞ ከሁሉም ቀድማችሁ ስሙ።

በድሮ ጊዜ፣ አውሬው ሁሉ እንደ ሰው በሚናገርበት ዘመን፣ ጉሬዛ ጥቁር ብቻ ነበር። ዛሬ ከትከሻው የሚወርደው ያ ነጭ ነገር ያን ጊዜ አልነበረም። ከየት እንዳመጣው ልነግራችሁ ነው።

በአንድ ትልቅ ጫካ ባሏ የሞተባት ጉሬዛ ትኖር ነበር። ያላት አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ ስሙንም አለልኝ አለችው። የኔታ ኤሊ ትምህርት ቤትም አስገባችው። የኔታ ኤሊ የቅጠል ሊቅ ነበሩ። የትኛው ቅጠል ቁስል እንደሚያደርቅ፣ የትኛው ትኩሳት እንደሚያበርድ፣ የትኛው ሲበሉት እንደሚገድል አንድ በአንድ ያስተምራሉ። ትምህርቱ ረጅም ነው፤ ኤሊ መቼ ይቸኩላል! እናት ያን ሁሉ ጊዜ ሾላ እየለቀመች፣ ጥሩ ጥሩውን ለልጇ፣ ወፍ የነካካውን ለራሷ እያደረገች አስተማረችው። ከዛፍ ዛፍ ስትዘል ክንዷ ዛለ። እሷ ግን «ግድ የለም፣ ልጄ ሲመረቅ ዐርፋለሁ» ትላለች።

የምረቃው ቀን ደረሰ። የኔታ ኤሊ ዘርፉ መሬት የሚጠርግ አንድ ነጭ ካባ ነበራቸው። ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ይከርምና ለምረቃ ብቻ ይወጣል። ካባው አንድ፣ ተመራቂው ብዙ ስለሆነ በየተራ ይዋሱታል። አንዱ ለብሶት ቤቱ ይሄዳል፣ ለወላጆቹ ይታያል፣ በማግስቱ ይመልሰዋል፤ ከዚያ ሌላው ይወስደዋል። አለልኝ በትምህርቱ ከሁሉ ስለበለጠ የመጀመሪያው ተራ ደረሰው። ቀጥላ ባለተራዋ ጦጢት ነበረች።

«አለልኝ፣ ነገ ማለዳ፣ አደራ!» አለችው ጦጢት። «እናቴ መንገድ መንገዱን እያየች ነው።»

«ነገ ማለዳ!» አላት።

እናቱ በካባው ስታየው እልልታዋ ጫካውን አናወጠው። ጎረቤቱን ሁሉ ጠርታ «ከእንግዲህ ልጄ መሬት አይረግጥም!» ብላ ፎከረች። የእናት ደስታ ነው፣ ምን ይደረጋል። ግን ቃል ከአፍ ከወጣ በኋላ የት ሄዶ እንደሚያርፍ ማን ያውቃል?

ሲመሻሽ አለልኝ ካባውን ሊያወልቅ እጁን ሲሰድ፣ ካባው ተናገረ።

«አለልኝ፣ ካወለቅኸኝ ነገ ማን ያውቅሃል? ጥቁር ጉሬዛ እንደሆነ ሞልቷል።»

«ተራው የጦጢት ነው እኮ።»

«ጦጢት ትጠብቃለቻ! ለእኔ የሚመጥን ሥራ እስክታገኝ ልበሰኝ፤ ሥራ ስትይዝ ትመልሰኛለህ። ምን አለበት?»

ካባው ለአለልኝ አዝኖ መሰላችሁ? ሳጥኑን ጠልቶ ነው! ከብል ጋር ጨለማ ውስጥ ተቆልፎ መክረም ሰልችቶት ነው። አለልኝ ይህን አላወቀም። እውነቱን ልንገራችሁና እሱም ፈርቶ ነበር። ትምህርት ቤት ሳለ ነገ ምን እንደሚማር ያውቅ ነበር፤ አሁን ግን ነገ ምን እንደሚሆን አያውቅም። ካባው ሲሞቀው ፍርሃቱ ቀለል አለለት። ለብሶት አደረ።

ማለዳ ጦጢት መጣች፤ «ነገ» አላት። በነጋታው መጣች፤ «ነገ» አላት። በኋላም የኔታ ኤሊ ራሳቸው ሲያዘግሙ መጥተው ከዛፉ ሥር አንጋጠጡ።

«ልጄ አለልኝ፣ ካባውን!»

«ሥራ ስይዝ አመጣዋለሁ፣ የኔታ!»

ኤሊ ዛፍ አይወጣ ነገር! አንገታቸውን ወደ ቅርፊታቸው ሰብስበው ተመለሱ። ጦጢትም ካባ ሳትለብስ፣ እናቷም እልል ሳትል ቀረች።

አለልኝ ከሚኖርበት ዝግባ ጎን ቁራ ይኖር ነበር። የጎረቤት ነገር ታውቁት የለ! ጠዋት ጠዋት ብቅ ይልና፣

«አለልኝ፣ ሥራ ያዝህ ወይ?» ይላል።

«እያየሁ ነው» ይላል አለልኝ።

አንድ ቀን ጃርት መጣ። «ወንድሜ ምሩቁ፣ ሥር እየቆፈርሁ ሕመምተኛ የማክም ነኝ። ሕመምተኛው በዛብኝ። እኔ ሥሩን ልቆፍር፣ አንተ ቅጠሉን ለይልኝና አብረን እንሥራ» አለው። አለልኝ ደስ አለውና አንድ ቅርንጫፍ ወረደ።

«ጭቃ!» ብሎ ጮኸ ካባው። «ጃርት የሚሠራው ጉድጓድ ውስጥ እኮ ነው። ያን ሁሉ የተማርኸው ጉድጓድ ልትገባ ነው? ይህ ለእኛ አይመጥንም!»

«ወንድም ጃርት፣ ላስብበት» አለ አለልኝ። ጃርት ጠበቀ፣ ጠበቀና ወደ ሕመምተኞቹ ሄደ።

«አለልኝ፣ ሥራ ያዝህ ወይ?»

«እያየሁ ነው።»

ሌላ ቀን ዝሆን መጣ፣ ልጆቹን አስከትሎ። «ልጄ፣ ከተራራው ወዲያ ልሻገር ነው። የዚያን አገር ቅጠል አላውቀውም። የሚበላውን ከሚገድለው የሚለይልኝ እፈልጋለሁ። ጀርባዬ ላይ ትቀመጣለህ፤ አገር ታያለህ።»

የአለልኝ ልቡ ዘለለ። ከልጅነቱ ጀምሮ በዝግባው ጫፍ ተቀምጦ «ከተራራው ወዲያ ምን ይኖር ይሆን?» እያለ ነው ያደገው። ፈጣሪ የልቡን ሰምቶ ዝሆንን የላከለት መሰለው። ሁለት ቅርንጫፍ ወረደ።

«እሾህ!» ብሎ ጮኸ ካባው። «መንገዱ ሁሉ ግራር ነው፤ ተቀድጄ ማለቄ ነው። ደግሞስ እናትህ ለጎረቤት ምን ብላ ትናገር? ልጄ የዝሆን ተላላኪ ሆነ ትበል? አይመጥነንም!»

አለልኝ እጁ ቅርንጫፉን እንደያዘ ቀረ። ልሂድ ይላል፣ ካባው ይይዘዋል። ልቅር ይላል፣ ልቡ ይሄድበታል። በመጨረሻም፣

«አባባ ዝሆን፣ ላስብበት» አለ።

«ዝናቡ ሲመጣ ‹ላስብበት› አይልም፣ ልጄ» አለ ዝሆንና ዞር ሲል ጦጢትን አያት። ጠየቃት፤ እሺ አለች፤ ዘላ ጀርባው ላይ ወጣች። አለልኝ ከዓይኑ እስክትሰወር ድረስ በዓይኑ ሸኛት። ያን ቀን እህል በአፉ አልዞረም።

«አለልኝ፣ ሥራ ያዝህ ወይ?»

«እያየሁ ነው።»

ከዚያ እትዬ ጉማሬ መጣች። «ልጆቻችን በሆድ ሕመም አለቁብን። ወንዙ ዳር ወርደህ ሐኪም ሁንልን» ብላ ለመነችው። አሳዘነችውና እግሩ መሬት ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ወረደ።

«ውኃ!» ብሎ ጮኸ ካባው። «ከረጠብሁ እጨማተራለሁ። ይህን ያህል ጠብቀህ ጠብቀህ መጨረሻህ ማጥ ለማጥ መንቦራጨቅ ይሁን? አይመጥነንም!»

«እትዬ ጉማሬ፣ ላስብበት» አለ አለልኝ። እሷም ከንፈሯን መጥጣ ሄደች።

ከዚያ ወዲያ የመጣ የለም። ወሬ ክንፍ አለው፤ «ያ ምሩቅ አይወርድም» ተባለ። ክረምት አለፈ፣ በጋ አለፈ። እናት በዚያ በዛለ ክንዷ ዛሬም ሾላ ትለቅማለች፤ ጥሩ ጥሩውን ለልጇ፣ ወፍ የነካካውን ለራሷ። ቁራ «ልጅሽ ሥራ ያዘ ወይ?» ሲላት «እያየ ነው» ትላለች። አለልኝ ይሰማታል፤ ሰምቶም ፊቱን ያዞራል። ማፈሩንስ አፍሮ ነበር። ነገር ግን ባፈረ ቁጥር ካባውን ይበልጥ ጠበቅ አድርጎ ይከናነባል።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። አለልኝ ግን እሳቱ ቤቱ እስኪገባ ጠበቀ።

አንድ ማለዳ እናቱ ለለቀማ አልተነሳችም። ሰውነቷ እንደ ፍም ይፋጃል። አለልኝ አያት፤ ትኩሳት ነው። የትኩሳቱን ቅጠልም ያውቃታል፤ ከግራሩ ጫካ አልፎ፣ ከወንዙ ማዶ፣ ማጡ መሐል ነው የምትበቅለው። ሊሮጥ ተነሣ። ካባው እንዳይከብደው ሊያወልቅ ጎተተው። አልወልቅ አለ። ደግሞ ጎተተው፤ ቆዳውን አመመው።

«ልቀቀኝ!» አለ አለልኝ።

«አልችልም» አለ ካባው። እውነት ሲናገር የመጀመሪያው ነበር። «ሥር ሰድጃለሁ።»

አለልኝ እንደለበሰው ወረደ። ግራሩ ዘርፉን እየያዘ ወደ ኋላ ጎተተው፤ እየቦጨቀ አለፈ። ወንዙ ካባውን አርሶ እንደ ድንጋይ አከበደው፤ እየሰመጠ እየወጣ ተሻገረ። ማጡ እስከ ወገቡ ዋጠው፤ በሆዱ እየተሳበ ደረሰ። ቅጠሏንም አገኛት። ያለ ካባ የሚሮጥ ጉሬዛ ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ይመለስ ነበር። አለልኝ የተመለሰው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው።

እናቱ ዓይኗን ገለጠች። ልጇ ተቦጫጭቋል፣ ርሷል፣ ጭቃ በጭቃ ሆኗል፤ ቅጠሉን በጥርሱ ነክሷል። ፈገግ አለች።

«ልጄ፣ ዛሬ ገና ሥራ የያዝህ መሰልህ።»

«እማዬ፣ ካባው... ቶሎ ልመጣልሽ...»

«እኔ እኮ ካባውን አንድ ቀን ብቻ ነበር ላየው የፈለግሁት» አለች።

አለልኝ ቅጠሉን ማሸት ጀመረ። አሽቶ፣ ጨምቆ ወደ አፏ ሲያቀርበው አፏ አልተከፈተም።

ቀብሯት ሲያበቃ የኔታ ኤሊ ዘንድ ሄደ። ከእግራቸው ሥር ወድቆ፣ «የኔታ፣ ካባውን ልመልስ መጣሁ» አለ።

የኔታ ኤሊ ዘርፉን ጨበጥ አድርገው አዩትና ለቀቁት። «ቀኑ አለፈ፣ ልጄ። ቆዳህን ግፈፍና ስጠኝ አልልህም።»

አለልኝ አለቀሰ። ካባውም ከዚያ ወዲህ አንዲት ቃል አልተናገረም፤ ቆዳ አይናገርማ!

ዘመን አልፎ ጦጢት ከሩቅ አገር ተመለሰች። ጉልበቷ ጠባሳ በጠባሳ ነው፤ የማታውቀው ቅጠል፣ ያላከመችው አውሬ የለም። አለልኝ ፊቷ ቆሞ አንገቱን ደፋ።

«ተራሽን ወሰድሁብሽ፤ እናትሽ ሳታይሽ ቀረች። ይቅር በይኝ» አላት።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አለች ጦጢት። «እናቴ ካባ ሲያምርብኝ አላየችም፤ ወልዳ አሳድጋ የልጇን የላብ ፍሬ ግን በልታ ነው የሞተችው። እኔስ የማዝነው ለአንተ ነው። ዝሆን ያን ቀን መጀመሪያ የጠራው አንተን ነበር።»

አለልኝ ወደ ዝግባው ጫፍ ወጥቶ ፊቱን ወደ ተራራው አዞረ። ልጆቹም የልጅ ልጆቹም ካባውን ወረሱት። ያ ካባ አለልኝ ላይ ስለቀረም ነው ጦጣ እስከ ዛሬ ያለ ካባ የምትኖረው፤ ጉሬዛ ደግሞ ካባውን ለብሶ ከዛፍ የማይወርደው። በዝግባ ሥር ስታልፉ ቀና ብላችሁ «ሥራ ያዝህ ወይ?» ብትሉት አሻግሮ ያያል። እያየ ነው። እናንተ ግን አትጠይቁት፤ የጠየቀውስ ቁራ ይበቃዋል።

የሰው ወርቅ አያደምቅ፤ የምረቃ ካባም የአንድ ቀን ነው።

ተረቴን መልሱ። የተዋሳችሁትንም መልሱ።