ዱላ ይዞ ማጨብጨብ

አንድ ዘበኛ ነበረ። ምንታምር፣ «ሰው በሚደበደብበት አገር የኔ ዘፈን ምን ይሠራል?» ያልሽኝን ያዥልኝና ስሚ።

ዘበኛው እንደ ዱላው ደረቅ ነው፤ የአንድ ባለጸጋ የእህል መጋዘን ይጠብቃል። አንድ ቀን አንድ ተሸካሚ ጆንያውን አውርዶ፣ ትንሽ ልተንፍስ ብሎ በመጋዘኑ ጥላ ሥር ቁጭ አለ። ባለጸጋው በመስኮት አየና «በለው!» አለ። ዘበኛውም አቀመሰው። የሰውየው ክንድ ተሰበረ። ለምን ያለ የለም፤ ማን ደፍሮ!

እሑድ የተሸካሚው ልጅ ተዳረች። ዳሱ የተጣለው እዚያው መጋዘኑ አጠገብ ነው። የወጡ ሽታ ዘበኛውን አላስቀምጥ ብሎታል፤ ግን ማን ይጥራው? እንዲህ እያለ አንዲት የሰፈሩ ልጅ፣ እንዳንቺው ያለች ዘፋኝ፣ ማይክ ያዘችና ቀስ ያለ፣ አንጀት የሚበላ ዘፈን ጀመረች፦

«የሁላችን እህል ጀርባው ላይ ሲከርም፣
ዱላ ይቀምሳል ወይ ከጥላ ሥር ቢቆም?»

ዳሱ ሙሉ ተቀበላት። ባለጸጋው ሰምቶ ደሙ ፈላ። «ሂድና ዳሱን በትንልኝ!» አለ።

ዘበኛው ዱላውን ይዞ ገባ። እንግዳው ሁሉ ወደ ዳር ሸሸ። ሙሽሪት አባቷ ላይ ተጠመጠመች። ዘፋኟ ግን ዘፈኗን አላቆመችም። ይሄኔ ጀሪካን የምትደልቅ አንዲት ወፍራም ሴትዮ፣ «አንተ! ሠርግ ቤት ገብቶ የማያጨበጭብ ጠላት ብቻ ነው። ጠላት ነህ?» ብላ ጮኸችበት።

ዘበኛው ጨነቀው። ሙሽራ ፊት ቆሞ ጠላት ነኝ ይበል? እንዲህ ያለ ነውር በአገሩ የለም። በአንድ እጁ ጭኑን መታ መታ አደረገ። ምንም አልጮኸም። ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ! ቢቸግረው ዱላውን መሬት አስቀምጦ አጨበጨበ። ሴትዮዋ ዱላውን ላፍ አድርጋ በሱ ጀሪካኑን ትደልቀው ጀመር። እልልታው ቀለጠ።

«አንተ፣ ምን ዋጠህ?» አለ ባለጸጋው ከአጥሩ ወዲያ።

«ጌታዬ፣ እጄ አልተመቸኝም፣ እያጨበጨብኩ ነው!»

ዘፈኑ ሲያልቅ ዘበኛው ሄዶ የተሸካሚው ጉልበት ላይ ወደቀ። ተሸካሚው በደህናው እጁ አነሣውና «ተነሥ፣ መጀመሪያ ብላ» አለው። በማግስቱ ተሸካሚዎቹ ሁሉ ጥላው ሥር ተደርድረው ተቀመጡ። ባለጸጋው «በለው!» ቢል፣ ቢል፣ ዱላ የሚያነሣ ጠፋ።

አየሽ ልጄ፣ ዘፈንሽ የባለጸጋውን ልብ ላያገኘው ይችላል። ግን ዱላውን የያዘው መቼ እሱ ሆነና! የያዘው እንደኛው ያለ፣ ወጥ የሚሸተው ሰው ነው። ዱላ ይዞ ያጨበጨበ ደግሞ እስከ ዛሬ አላየሁም። ዝፈኚ አንቺ፤ ጀሪካኑን እኔ እደልቃለሁ።